አድማጩን ማን ያድምጠው?

የሌላውን ሐዘን ዘወትር የሚያደምጥ ሰው የራሱን ለማን ይነግራል? በኒው ዮርክ ቀን በግል ሕክምናው፥ ማታ በነጻ ክሊኒክ ያገለግል የነበረው የሥነ ልቦና ሐኪም ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አገልጋዮች መዛል የጻፈው በራሱም ላይ ደርሶ ካየው በመነሣት ነው።

አስተዋይ ባለሙያዎች የታማሚውን ስም ሳይገልጡ ሸክማቸውን ልምድ ላለው ባልደረባ ያካፍላሉ፤ የሚቀበሉትን ሰው ቁጥር ይወስናሉ፤ ሲከፋቸውም ራሳቸው ወደ አማካሪ ይሄዳሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የዛለ ጆሮ ይሰማል እንጂ አያስተውልምና፥ ለታማሚውም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

እናንተም በስደት ምድር የእኅቶቻችሁን ልቅሶ በሌሊት ስልክ የምትቀበሉ፥ ምስጢራቸውን ጠብቁ፤ ድካማችሁን ግን ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ዕረፍታችሁንም እንደ ኃጢአት አትቍጠሩት።