መዥገሩ ያለው ግድግዳችን ውስጥ ነው



ባለፈው ስብሰባ ላይ የውሻ መዥገር ጉዳይ ተነስቶ ሰው ሲጯጯህ አምሽቶ ያለ ውሳኔ መበተኑ የሚታወስ ነው። አንዱ ወገን «በማህበሩ ገንዘብ ዲያዚኖን ይገዛና ውሻው ሁሉ ይታጠብ» አለ። ሌላው ወገን «መርዝ ለምን? አባቶቻችን በትምባሆና በቅጠል አይደለም ወይ የኖሩት?» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ «ውሾቹን በመርዝ ሥጋ ጨርሰን እንገላገል» አሉ። ሦስቱንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌአለሁ። ጸሐፊ ሥራው መጻፍ ነው ቢባልም በዚህ ጉዳይ ግን ዝም ልል አልቻልኩም። ሦስቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ውሻው ነው። መዥገሩ የት እንደሚያድር የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እኛ አገር ውሻ ላይ የሚገኘው መዥገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ውሻው ከከብትና ከግመል ጋር ሲውል ከሜዳ ይዞት የሚመጣ አለ፤ ያ ጀርባው ዝንጉርጉር የሆነው የቆላ መዥገር ከዚህ ወገን ነው። የሚያስቸግረን ግን ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ይህኛው ቤተኛ ነው። ሴቷ ደም ጠጥታ የጉሎ ፍሬ ስታክል ከውሻው ትወርድና በግድግዳ ስንጥቅ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ አንዷ ብቻዋን እስከ 4000 ድረስ። ከዚያ የሚፈለፈለው ባለ ስድስት እግር ጥቃቅን ነገር ውሻው ላይ ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ይወርዳል፣ ቆዳ ይቀይራል። እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። በያንዳንዱ ጊዜ ውሻው ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ጭቃ ግድግዳችን ውስጥ፣ ውሻው የሚተኛበት ጆንያ ሥር ነው። የጎለመሰው ምንም ሳይጠጣ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። ዛሬ ውሻውን ብታጥቡ የገደላችሁት ለመጠጣት የወጣውን ብቻ ነው። ተራ የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ዲያዚኖኑ ልምጣ። ዲያዚኖን መዥገር ይገድላል፤ ይህን የካደ የለም። የሚገድለው ግን ነርቭ በማወክ ነው፤ ነርቭ ደግሞ መዥገርም አለው፣ ውሻም አለው፣ ልጅም አለው። ጠርሙሱ ላይ 60 የሚል ቁጥር ካያችሁ ከመቶው 60 እጁ መርዝ ነው ማለት ነው። ይህ ለከብት ተብሎ በልክ በብዙ ውኃ የሚቀጥን ነገር፣ ገበያ ላይ ምንም ጽሑፍ በሌለው ሃይላንድ ተገልብጦ እየተሸጠ፣ ቤት ሲደርስ በጠርሙስ ክዳን እየተሰፈረ ይፈስሳል። ውሻ ደግሞ ገላውን ይልሳል። ለሐጭ ካዝረበረበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስቀመጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው መርዙ ገብቶበታል፤ ማርከሻው ሐኪም እጅ ያለ አትሮፒን የሚባል መርፌ ነው እንጂ ወተት አይደለም። ያንኑ ውሻ ማታ ልጆች አንገቱን ያቅፉታል። እጣቢው ግቢ ውስጥ ይፈስሳል፤ ወፍ ደግሞ ለዲያዚኖን ከሁሉም ይልቅ ደካማ ስለሆነ ዶሮ ያለው ሰው ያስብበት። አሜሪካኖች ዲያዚኖን ለመኖሪያ ቤትና ግቢ እንዳይሸጥ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ነው። እኛ በማህበር ገንዘብ በካርቶን ልንገዛው እንከራከራለን!

የቅጠል ወገኖች ይህን ሲያነቡ ደስ ይላቸው ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ትምባሆ ተፈጥሮ ነው፤ ውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን መርዝ ነው፤ የተቀቀለ ትምባሆ የፈሰሰበት ውሻ በቆዳውም በምላሱም ይወስደዋል። ላምባ ቆዳ ይልጣል፤ ሲልሰው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ የመኪና ዘይትማ ምኑ ነው ባህላዊ? አባቶቻችን መኪና ነበራቸው እንዴ! በሌላ በኩል ፓይሬትረም የሚባለው የተባይ መድኃኒት ጎረቤታችን ኬንያ ከሚበቅል አበባ የሚወጣ ነው፤ ፐርሜትሪን የሚባለው ደግሞ እሱን አስመስሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ውሻ የሚችለው ይኸው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። ስለዚህ «ተፈጥሮ ነው» ወይም «የፋብሪካ ነው» ማለት ስለ ጉዳቱ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ልኩና የሚፈስበት እንስሳ ነው።

ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የዚህ አገር አርብቶ አደር ለተባይ የሚጠቀምበትን ድግጣ ተመራማሪዎች ከደቡብ ኢትዮጵያ ወስደው ፈትነውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። ተጨምቆ 10 በመቶ ሆኖ በውኃ በቀጠነው ውስጥ ለ10 ደቂቃ የቆየው መዥገር ሁሉ በማግስቱ ወይ ሞቷል፣ ወይ መሄድ አቅቶታል። የሽማግሌዎቹ ዕውቀት እውነት ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ሆኖም ያ ጭማቂ በአሴቶን የወጣ የላቦራቶሪ ጭማቂ እንጂ እኛ በድስት የምንቀቅለው አልነበረም። ደግሞም ድግጣው መዥገሩን አላባረረም፤ እንዲያውም ትንሽ ስቦታል። «ቅጠሉን በር ላይ አንጠልጥለው፣ ይሸሻል» የሚለው ወሬ እንግዲህ አይሠራም። የኒም ፍሬም የመዥገሩን ዕድገት ያዘገያል እንጂ ወዲያው አይገድልም፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ በጥቂት ቀን ኃይሉ ይጠፋል፤ የኛን ፀሐይ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛውን ሃሳብ በአጭሩ ላንሳው፤ ብዙ አይገባውም። ውሻን በስትሪክኒን መጨረስ በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ውሻው ሲሞት መዥገሩ አብሮ አይሞትም። ግድግዳ ውስጥ ተርቦ ይቀራል፤ የተራበ መዥገር ውሻ ካጣ ሰው ላይ ይወጣል። ማታ ጅብ አጥር ሲነካ ማን እንደሚጮህልንም አብረን እንወቅ።

የኔ ሃሳብ ይህ ነው። ለዲያዚኖን የተባለው ገንዘብ ለጭድና ለምርጊት ይዋል። ውሻ የሚያድርበት ግድግዳ፣ በረንዳና መሠረት ስንጥቁ ይደፈን፤ ጆንያው ይቃጠል። ሁሉም ግቢ በአንድ ቀን ይሥራ፤ አንዱ ሠርቶ ጎረቤቱ ከተወ መዥገሩ በጎረቤት ውሻ ተመልሶ ይመጣል። ውሻው ላይ ያለው በወረንጦ ከቆዳው ጋር ተጠግቶ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀል፤ በጥፍር አይፍረጥ፣ በክብሪት አይለብለብ። የተነቀለው ላምባ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይጣል፤ የላምባው ቦታ እዚያ ነው። ጆሮውና የጣቶቹ መሐል ይታይ። ይህ በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ወር ይቀጥል፤ እንቁላሉ አንድ ቀን ተፈልፍሎ አያልቅምና። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ይጠንክር።

መድኃኒት ካስፈለገም የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ለምሳሌ አሚትራዝ 12.5 በመቶ የሆነው ለአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚገባው፤ የሚሰፈረው በሲሪንጅ እንጂ በክዳን አይደለም። አራት ወር ላልሞላው ቡችላና ለፈረስ አይሆንም። በውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አንዱ ፍሬ ሦስት ወር የሚጠብቅ ኪኒን ወጥቷል፤ ዋጋው ግን ለኛ ኪስ የታሰበ አይደለም።

ውሻ መንካት የማይፈልግ ጎረቤት መኖሩን አውቃለሁ፣ መብቱም ነው። ግድግዳ ለመምረግ ግን ውሻ መንካት አያስፈልግም።

ዲያዚኖን ይገዛ የምትሉም ኑና በስብሰባው ላይ መልሱልኝ፤ የያዛችሁትን ጠርሙስ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ኑ፣ ጽሑፍ ካለው። ጭድ የሚያዋጣ፣ ጋሪ ያለው፣ መምረግ የሚችል ከወዲሁ እኔ ዘንድ ይመዝገብ።

የማህበሩ ጸሐፊ