ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?

ጠዋት ቁልፍ ሲዞር «ጨክ» ብቻ ብሎ ዝም የሚል መኪና በስንቱ ቤት ጭቅጭቅ እንዳስነሣ ቤቱ ይቍጠረው። እኛም ቤት አስነሥቷል። ማታ መኪናውን ያቆመችው ባለቤቴ ስለነበረች «መብራት ሳታጠፊ ነው የገባሽው» አልኳት። «አጥፍቻለሁ» አለች፤ አላመንኳትም። በሳምንቱ ሲደገም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ገንዘብ አንሥቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አምስት ቀን አልቆየም። በመጨረሻ አንድ ኤሌክትሪሺያን ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ፣ ማለትም ቀበቶውን፣ በጣቱ ጫን አድርጎ ሳቀ። ላልቷል። ለማጥበቅ አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። አሮጌው ባትሪም ባለቤቴም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ባትሪ ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የሚሞላው ዲናሞው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ (ከመካሰሳችሁም) በፊት ለኩ። ቴስተር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ገመድ ፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቩ ላይ አስነኩ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ከመነሣቱ በፊት 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ቀርቧል። አሁን ሞተሩን አስነሡ። ቍጥሩ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ሊወጣ ይገባዋል። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ከመጠን በላይ እየሞላ አሲዱን ያፈላዋል። በአዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ዝቅ ስለሚያደርገው የፊት መብራት አብርታችሁ ድገሙት።

ቴስተር ከሌለስ? የፊት መብራት አብርታችሁ ለማስነሣት ሞክሩ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪል ከደከመ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ሞርሴቶው በደንብ አልያዘም። ደምቆ ከቀረ ግን ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ካያችሁ፣ ኔጋቲቩን አስቀድማችሁ ፈትታችሁ ቤኪንግ ሶዳ በጨመራችሁበት ሙቅ ውኃ አጽዱት። ብዙ «ባትሪ ሞተ» የተባለ ነገር እዚህ ላይ ያልቃል።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅሎ ዲናሞውን «መፈተን» የቆየ ልማድ ነው። ይህን ከሚመክራችሁ ሰው ጋር አትከራከሩ፤ ብቻ አታድርጉት። ቮልቱ በድንገት ዘልሎ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ቀዩ የባትሪ መብራት ከበራ ቴፑንና ማራገቢያውን አጥፍታችሁ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ፣ ወደ ቅርብ ጋራዥ ሂዱ። የሙቀት መለኪያውም አብሮ ከወጣ ግን ወዲያው ቁሙ፤ በብዙ መኪኖች ያው ቺንጋ የውኃውን ፓምፕም ስለሚያዞር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።