ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ የተደራረቡ ጸረ-ቫይረሶችና በድንገት የሚዘጉ ላፕቶፖች በሐይቅ አካባቢ

በሐይቅ ከተማም ሆነ ከእርሷ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደሴ፣ አንድ ላፕቶፕ ሥራ ላይ እያለ በሰማያዊ ገጽ እየተዘጋ ደጋግሞ መነሣት ሲጀምር የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል»። ፍርዱን የሚከተሉት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። መጀመሪያ ሌላ ጸረ-ቫይረስ ይጨመርበታል፤ ያ ካልበጀ ፎርማት ይደረጋል። ሁለቱም ምርመራን ያስቀራሉ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በሽታውን ያባብሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ የበሽታውን ማስረጃ ከባለቤቱ ሥራ ጋር አብሮ ይደመስሳል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ጉዳዩ ከመሣሪያ ብልሽት ያለፈ ነው። የሐይቅ አካባቢ የመስክ ምርምር አገር ነው፤ ሎጎ ተብሎ የሚጠራው ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ፣ የተሁለደሬና የአምባሰል ገበሬዎች ማሳ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት በየዘርፉ ተመራማሪ ይስባሉ። ባክስተርና ጎሎቢሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቁ የውኃ ጠባይ አጭር ጽሑፍ ስላሳተሙ፣ የዛሬው ተማሪ የራሱን ልኬት ከእነርሱ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። በአንድ ሐምሌ የተለካ የውኃ ሙቀት ግን ከላፕቶፕ ላይ ከጠፋ በሚቀጥለው ሐምሌ ተመልሶ አይገኝም፤ ያን ጊዜ የሚለካው ሌላ ውኃ ነው። ከአንድ አረጋዊ የተቀዳ ቃለ መጠይቅም እንዲሁ ነው።

ጸረ-ቫይረስ እንደ ጽሑፍ ማቀናበሪያ ከላይ ተቀምጦ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። ፋይል በተከፈተ፣ በተጻፈ ወይም በተገለበጠ ቁጥር ጣልቃ ገብቶ መፈተሽ ስላለበት፣ ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ የራሱን ማጣሪያ ድራይቨር ይተክላል። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል፤ በከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲሳሳት ግን ዊንዶውስ የባሰ ጥፋት እንዳይደርስ መላውን ማሽን ያቆማል። ሰማያዊው ገጽ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ጸረ-ቫይረሶች በአንድ ማሽን ላይ ሲነቁ፣ አንዱ የከፈተውን ፋይል ሌላው ለመፈተሽ ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ያንን መክፈት ይፈትሻል። አንዳንዴ ውጤቱ መንቀርፈፍ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ይወድቃል። አንዱ ጸረ-ቫይረስ ሌላው ለይቶ ያገተውን ፋይል አዲስ ቫይረስ አገኘሁ ብሎ ሊያጠፋው ይነሣል። አምራቾቹ ራሳቸው ሁለት ቋሚ ጠባቂ አብሮ መጫንን የማይመክሩት ስለዚህ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደርም ሌላ ጸረ-ቫይረስ በወጉ ተጭኖ ሲመዘገብ ከቋሚ ጥበቃ ራሱን እንዲያገል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጠባቂው አንድ ብቻ ሲሆንም ከእምብርቱ የመቀመጡ አደጋ አይጠፋም። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ማካፊ ለደንበኞቹ የላከው ማዘመኛ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ በማገቱ በየአገሩ ያሉ ማሽኖች ደጋግመው ሲነሡና ሲዘጉ ዋሉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ማሽኖችን በሰማያዊ ገጽ አስቁሟል፤ በረራዎች ተሰርዘዋል፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጉለዋል። አጥቂ አልነበረም፤ የወደቀው ጠባቂው ነው። መፍትሔውም ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንን አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። በዚያን ዕለት የዓለም ባለሙያ ሁሉ እንደ ልማዳችን ፎርማት ለማድረግ ቢሮጥ ኖሮ የጠፋው ሥራ በስንት እጥፍ በበለጠ ነበር።

በሐይቅ አካባቢ ጠባቂ የሚደራረብበት የራሱ ምክንያት አለው። አንዳንድ ላፕቶፖች የሙከራ ጊዜው ያለፈ ጸረ-ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ስለማይጠቀምበት የሌለ ይመስለዋል፤ ድራይቨሩ ግን አልተነቀለም። በዚህ ላይ ጓደኛ በፍላሽ ያመጣው ይጨመራል። ብዙውን ጊዜ ይህኛው በክራክ የተከፈተ ነው፤ ክራኩን ለማስገባት ደግሞ «ጸረ-ቫይረሱን ለጊዜው አጥፋው» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ሌባውን ለማስገባት ዘበኛውን ማሰናበት ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት መቋረጡም የራሱን ድርሻ ሳያደርግ አይቀርም። ዲፌንደር ያለ ኢንተርኔት ራሱን አያዘምንም፤ ያልታደሰው ጠባቂ ፍላሽ ላይ ያለውን አዲስ ቫይረስ ሲያሳልፍ ተጠቃሚው የሚደርስበት መደምደሚያ ዲፌንደር አይረባም የሚል ይሆናል። የጎደለው ግን ማዘመኛው እንጂ ጠባቂው አልነበረም።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር በዚህ ቦታ ይጠቀሳል፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያየዋል ማለት ነው። በከፊል እውነት አለው። ሁለተኛ አስተያየት ለሚፈልግ ሰው በተጠራ ጊዜ ብቻ ፈትሾ የሚዘጋ፣ በከርነል ውስጥ ቋሚ ድራይቨር የማይተው መፈተሻ አለ፤ እርሱ ከጠባቂው ጋር አይጣላም። በአንድ በር ላይ ሁለት ቋሚ ዘበኛ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ምርመራው የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ዊንዶውስ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒደምፕ የሚባል ትንሽ ፋይል በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ይተዋል። ብሉስክሪንቪው የተባለው ነጻና ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ማሽኑ ሲወድቅ በሥራ ላይ የነበሩትን ድራይቨሮች ስም ያሳያል። በፋይሉ የተጠቀሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በተከታታይ አራትና አምስት ጊዜ የአንድ ጸረ-ቫይረስ ድራይቨር ከተጠቀሰ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ከውጭ የተጫኑ ድራይቨሮች አብዛኞቹ አይነሡም። በሴፍ ሞድ ለሰዓታት ጸንቶ የሚሠራና በተለመደው አነሣስ የሚወድቅ ማሽን ችግሩ ከተጫነበት ነገር ነው። በሴፍ ሞድም የሚወድቅ ከሆነ ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ወይም የኃይል መዋዠቅ ያጎሳቆለው ቻርጀር ይጠረጠር። ይህ ሁለተኛው ምድብ በእኛ አገር ጥቂት አይደለም፤ ሁሉንም ውድቀት በጸረ-ቫይረስ ማላከክም ሁሉን በቫይረስ እንደ ማላከክ ያለ ስንፍና ነው።

ጥፋተኛው ጸረ-ቫይረስ ሆኖ ሲገኝ በተለመደው መንገድ መንቀል ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ ድራይቨሩ ሊቀር ይችላል። ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ለዚሁ ብለው የራሳቸውን ማጽጃ መሣሪያ በነጻ ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን የቢትሎከር መክፈቻ ቁጥር መኖሩ ይረጋገጥ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸውን ይቆልፋሉ፤ ቁጥሩ ከሌለም የተቆለፈውን የሚከፍት ባለሙያ የለም።

ጥገና ቤቶችን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ደንበኛው ማሽኑን ጧት ሰጥቶ ማታ መውሰድ ይፈልጋል፤ ለፎርማት ይከፍላል፤ ሁለት ሰዓት ሚኒደምፕ ለሚያነብ ሰው ክፈል ቢባል ግን ያንገራግራል። ፎርማትም ለጊዜው ይሠራል፤ የተጣሉትን ሁለት ጠባቂዎች አብሮ ስለሚያጠፋ ማሽኑ ይረጋጋል፤ በዚህም «ቫይረስ ነበር» የሚለው ፍርድ የተረጋገጠ ይመስላል። በሳምንቱ ሁለቱም ከዚያው ፍላሽ ተመልሰው ይጫናሉ።

ስለዚህ ሸክሙ ከግለሰቡ ወደ ተቋም መዛወር አለበት። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ሙሉ ማዘመኛ ያለ ኢንተርኔት ሊጫን በሚችል አንድ ፋይል ያቀርባል፤ መቶ ሜጋባይት ስለሚያልፍ ለአንድ ተማሪ የሞባይል ዳታ ከባድ ነው፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ምንም አይደለም። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ፋይል በየሳምንቱ አውርዶ በቤተ መጻሕፍቱ ቢያስቀምጥ፣ ወደ ሐይቅ ለመስክ የሚወርድ ተማሪ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የድኅረ ምረቃ ክፍሎችም ሚኒደምፑና የጥናቱ ፋይል ሳይገለበጡ የተማሪ ላፕቶፕ ፎርማት እንዳይደረግ በጽሑፍ ደንብ ሊያወጡ ይገባል።

የሁለቱ ባላ ምክር ትክክለኛ ቦታም እዚህ፣ ከቅጂው ላይ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በብራና ላይ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቷል፤ ያም ሆኖ ማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው በሌላ ቦታ ተቀምጧል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰው ዝርፊያና ውድመት፣ ቅጂ ከዋናው ጋር በአንድ ሕንፃ መቀመጡ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስታወስ ይበቃል።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉት አሮጌ ላፕቶፖች በዚያው ይቀጥላሉ። ባለቤቶቻቸው ክፍተቱን በሌላ ጸረ-ቫይረስ ለመድፈን መነሣታቸው አይቀርም። ማይክሮሶፍት ግን ለዊንዶውስ 10 የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ማዘመኛ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል አስታውቋል። ያልተደፈነው ቀዳዳ በሥርዓተ ክወናው በራሱ ላይ ነው፤ ያንን ሁለተኛም ሆነ ሦስተኛ ጸረ-ቫይረስ አይደፍነውም።