ውሃ የሸሸበት መሬት የውሃው ርስት ነው

በሆመቾ አገር የሚዘንበው ዝናብ ወደ ግቤ ወርዶ ኦሞን ተከትሎ እስከ ቱርካና ይሄዳል። ከሆሳዕና በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ ሻሾጎ ሜዳ ደርሶ በቦዮ ሐይቅ ያርፋል። የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ለቤተሰብ አባቶችና እናቶች ልናስታውስ የወደድነው የዚህን ሐይቅ ጠባይ ነው።

ቦዮ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃውም ሳይጨው የሚኖረው ትርፉን ለብላቴ እየሰጠ ወደ አባያ ስለሚያሰናብት ነው፤ መውጫ የሌላቸው ሻላና አብያታ ግን የገባባቸውን ጨው ሁሉ ይዘው ስለቀሩ ውሃቸው አይጠጣም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ከፍታው ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ጥቂት ሲሞላም ሰፊ አገር ይይዛል። ስለዚህ በበጋ ዳርቻው ለከብት ግጦሽ ይሆናል፤ ክረምት ሲበረታ ውሃው ተመልሶ ይሸፍነዋል።

ጉዳት የሚመጣው ሰው ይህን ዘንግቶ የበጋው ደረቅ መሬት ባለቤት የሌለው ሲመስለው ነው። ልጁን ሲድር በዚያ ጎጆ ያወጣለታል፤ ክረምት ሲገባም ጎርፉ ከመኝታው ድረስ ይመጣበታል። ከዚህ በኋላ ሐይቁ ክፉ ተብሎ ይወቀሳል። ነገር ግን ውሃው ወደ ገዛ ርስቱ ተመለሰ እንጂ የሰው ርስት አልቀማም። ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ የሚወርደውም አፈር ወለሉን እየሞላ ጎርፉን ያሰፋዋል።

የዚህን ተቃራኒ በሐረርጌ አይተናል። ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረው፥ የሐረርን ከተማ ለብዙ ዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በደለል እየሞላ፥ ለጫትና ለአትክልትም በሞተር እየተሳበ በ1997 ዓ. ም. ገደማ ደረቀ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ማስመጣት ግድ ሆነባት። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ውሃው ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመልሶ ታይቷል።

እንግዲህ በሐይቅ ዳር የሚኖር አባት ልጆቹን በክረምት ይዞ ወጥቶ ውሃው የደረሰበትን ወሰን ያሳያቸው፤ በዚያም ዛፍ ይትከልበት። ከወሰኑ በታች ሣር ይሁን እንጂ ቤት አይሁን። በደጋ ያለውም ገበሬ አፈሩ ወደ ሐይቅ እንዳይወርድበት እርከን ይሥራ። መሬት የሚያከፋፍሉ ሹማምንትም ስፍራውን በጥር ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ በነሐሴም ሄደው ይመልከቱት።