ክትባቱ ውስጥ የተገኘው ብረት ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2021 ጃፓን ወደ 1.63 ሚሊዮን ዶዝ የሞደርና ኮቪድ ክትባት እንዳይሰጥ አገደች። ምክንያቱ፦ ገና ባልተከፈቱ ብልቃጦች ውስጥ ባዕድ ነገር ታየ። ሶሻል ሚዲያው ደግሞ ከዚያ በፊት ጀምሮ «ክትባቱ ማግኔት አለው» በሚል ወሬ ሲታመስ ነበር። ታዲያ ወሬኞቹ ልክ ነበሩ?

አልነበሩም። መልሱን ያመጣው ግን ክርክር ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፦ ቅንጣቷ ከምንድነው የተሠራችው?

ላቦራቶሪዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በብርሃን ፋንታ የኤሌክትሮን ጨረር ይልካል። ጨረሩ ቅንጣቷን ሲመታ ኤክስሬይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ኤክስሬይ ስላለው እንደ ጣት አሻራ ይለያል። ሲሊከንና ኦክስጅን ጎልተው ከታዩ ብልቃጡ ራሱ ይጠረጠራል። ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል አብረው ከታዩ ደግሞ ስቴይንለስ ስቲል ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን ፈትሹ ማለት ነው።

የጃፓኑም ሲመረመር ስቴይንለስ ስቲል ሆኖ ተገኘ። ስፔን ባለው የሮቪ ፋብሪካ ክዳን የሚገጥመው ክፍል በትክክል ስላልተገጣጠመ ሁለት ብረቶች ተፋጭተው ነበር። ከታገደው ክትባት ወስደው የሞቱ ሰዎች መኖራቸው ሲሰማ ስጋቱ ጨመረ፤ ሞደርናና አከፋፋዩ ታኬዳ ግን ሞቱን ከቅንጣቱ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ የለም ብለዋል። ሦስት ባቾችም ተሰበሰቡ።

ግን ይሄ መሣሪያ ሁሉን አያይም። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከሕፃናት ሞት ጋር ስማቸው የተነሳውን 4 ሽሮፖች አስቡ። የተገኘባቸው ዳይኢታይሊን ግላይኮል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ሽሮፑ ውስጥ ስለሚሟሟ የሚታይ ቅንጣት የለውም። እሱን ለመለየት ክሮማቶግራፊ የሚባል ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ለምታስገባ እንደኛ ላለች አገር ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። አንድ ውድ ማሽን መግዛት ብቻውን አያድንም። መርዙን የሚለይ ላቦራቶሪም ያስፈልጋል፣ ውጤቱን ሳይደብቅ የሚናገር ተቋምም ያስፈልጋል።

የኛም ድርሻ አለ። የጃፓኑ ምርመራ የጀመረው ባለሙያዎች ብልቃጡን በዓይናቸው አይተው ስላሳወቁ ነው። መድኃኒታችሁ ውስጥ እንግዳ ነገር ካያችሁ አትውሰዱት፣ አትጣሉትም። ከነማሸጊያውና ከነባች ቁጥሩ ለፋርማሲስቱ መልሱ። ፎቶ ፖስት ማድረግ ሰው ያስደነግጣል፤ ላቦራቶሪ የሚመረምረው ግን ብልቃጡን ነው።