ስለ ሲኒማ እንባና ስለ ልጆች ዕድሜ

ሰው በሲኒማ ፊት ተቀምጦ ቢያለቅስ እንባው ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን እንባ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለወገን የሚፈስ አለ፣ ለባዕድ የሚፈስም አለ፤ ለባዕድ የሚፈሰው ዐይን ከደረቀ በኋላ ምንም ሥራ አያዝዝም። የሕፃናትን ውትድርና የሚያሳየውን ሲኒማ አይተው ያዘኑ የወሎ ሰዎች እንባቸው ከዚህ ከሁለተኛው እንዳይቆጠር ያሠጋል።

ሲኒማው «ቢስትስ ኦፍ ኖ ኔሽን» ይባላል፤ አገር የሌላቸው አራዊት እንደ ማለት ነው። የናይጄሪያ ዘር ያለው ደራሲ ኡዞዲንማ ኢዌላ ከጻፈው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ ካሪ ፉኩናጋ የተባለ አሜሪካዊ በጋና ምድር አዘጋጅቶት በ2008 ዓ.ም. ለዓለም ታየ። አጉ የሚባል ልጅ አባቱ ሲገደል ወደ ዱር ይሸሻል፤ ታጣቂዎችም አግኝተው ወደ አለቃቸው ያቀርቡታል። አለቃው ልጁን ሲመለከት ልጅን አላየም፤ ቃታ ለመሳብ የሚበቃ ጣት አየ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመተረክ ይህ ቦታው አይደለም። ይህን ለማየት የመካነ ሰላም ሰው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ስልክ ያለው የከተማ ጐልማሳ ሁሉ ዛሬ ሲኒማ ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ከተመልካቾቹ የሚበዙት «የሰው አገር ጉድ ነው፤ በእኛስ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም» ይላሉ። ለዚህ አነጋገር ሲኒማው ራሱ በር ከፍቶላቸዋል፤ ጦርነቱ የተነሣበትን አገር በስም አልጠራምና። አዘጋጁ እንዲህ ያደረገው ነገሩ የሁሉም እንዲሆን አስቦ ይሆናል፤ ተመልካቹ ግን የሁሉም የሆነውን የማንም አድርጎ ተቀበለው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ አይደረግም የሚለው ሰው ዕድሜው ከ50 ያለፈ እንደ ሆነ ጥቂት ዘመን ወደ ኋላ ቢመለከት መልካም ነው። በ1975 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ፣ የሚዘምተው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሰው ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጽሕፈቱ እንዲህ ይበል እንጂ በየገበሬው ማኅበር ላይ የተጣለው ኮታ ዓመት አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ሳይሞላ ሲቀር ልጅ ከገበያና ከመንገድ ይታፈስ ጀመር። «አፈሳ» የሚለው ቃል ለእህል የሚነገር ቃል ነበር፤ ለልጅ የተነገረው በዚያ ዘመን ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ በየደጋው እናት ልጇን በጐታና በገደል ስትሸሽግ ኖረች። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ ያሉትን አሮጊቶች መጠየቅ ይበቃል።

ደግሞም ነገሩ በአገር ሰው እጅ በሲኒማ ተሠርቷል። ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ ከተማ በተደረገው የሲኒማ በዓል ተሸለመ። በዚያ ሲኒማ ውስጥ ከአፈሳ የሸሹ የገጠር ልጆች በዋሻ ተደብቀው ይታያሉ፤ ዋሻውም የሌላ አገር ዋሻ አይደለም፣ ቋንቋቸውም አማርኛ ነው። ሆኖም ስለ ጤዛ የሚነጋገሩ የተማሩ ሰዎች ወሬያቸው ሁሉ ከጀርመን አገር ስለ ተመለሰው ምሁር፣ ስለ ተማሪዎቹ ክፍፍልና ስለ ቀይ ሽብር ነው። የተማረ ሰው በሲኒማ የሚፈልገው የተማረ ሰውን ነው መሰለኝ ቢባል አያስቀይምም። የዋሻዎቹ ልጆች ግን አገር ተሰይሞላቸውም ተመልካች አላገኙም።

በቅርቡ ዘመንም የሆነው ከዚህ አይሻልም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ፣ ወገን ሁሉ ሌላውን ልጆች አሰልፏል ብሎ ከሰሰ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የትግራይ ወጣት ታጣቂዎችን ፎቶግራፍ ባወጣ ጊዜ የተነሣው ክርክር ይታወሳል። የብዙዎቹ ቍጣ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚቈጣው በባላጋራው በኩል ለቆመው ልጅ ነበር። በራሱ በኩል የቆመውን «ወጣት» ይለዋል፤ በወዲያ በኩል የቆመውን «ሕፃን» ይለዋል። ፕሪቶሪያ ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ያው ሁለት ሚዛንም አብሮ ተነሣ።

ሁለተኛው የተመልካች ወገን ከፊተኛው የበለጠ ያወቀ ነው፤ መጽሐፍ ይጠቅሳል። «ዳዊትም ብላቴና ነበር፤ ጎልያድን የጣለው ልጅ አይደለምን?» ይላል። የሚያሳዝነው ይህን የሚለው አልፎ አልፎ መጽሐፉን ያስተምር ዘንድ የተሾመው ሰው መሆኑ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ17ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን አስተውሎ ያነበበ ሰው፣ እሴይ ልጁን ወደ ሰፈሩ የላከው ለውጊያ ሳይሆን ለወንድሞቹ የተጠበሰ እሸትና እንጀራ፣ ለሻለቃቸውም አይብ እንዲያደርስ መሆኑን ያገኛል። ከእሴይ ልጆች የዘመቱት ታላላቆቹ ሦስቱ ናቸው፤ ታናሹ በግ ጠባቂ ነበር። ሳኦልም ብላቴና ነህና አትችልም ብሎት ነበር፤ ዳዊትም የንጉሡን ጥሩር ቢያለብሱት አልለመድሁትም ብሎ አወለቀው። ይህ ታሪክ እግዚአብሔር ያደረገውን ተአምር ይናገራል እንጂ የምልመላ ደንብ አያወጣም። ደንብ የሚፈልግ ሰው ወደ ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 1 ይመለስ፤ እግዚአብሔር ሙሴን ሰልፈኛ ቍጠር ሲለው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው ያለው። አሁን ያለው የዓለም ሕግ፣ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሕፃናት መብት ተጨማሪ ስምምነት፣ 18 ዓመት ይላል። ስለዚህ በዚህ ነገር ኦሪት ከዘመኑ ሕግ ይልቅ ለልጅ ታደላለች፤ ይህን የሚያስታውስ ሰባኪ ግን ጥቂት ነው።

ከዳዊት ቀጥሎ የሚጠሩት ጃገማ ኬሎ ናቸው። ጃገማ በ15 ዓመታቸው በጣልያን ላይ መሸፈታቸው፣ የበጋው መብረቅ መባላቸው፣ ጄኔራል መሆናቸው እውነት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ሲሞቱም ዕድሜያቸው 96 ዓመት ነበር። ክብራቸውን የሚነካ ሰው የለም። ነገር ግን ጠላት ደጅ ድረስ በመጣ ጊዜ አንድ ብላቴና ያደረገው ነገር ከዚያ ወዲህ በአገር ሰዎች መካከል ለሚደረግ ጠብ ሁሉ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ይልቁንም የጃገማ ታሪክ የተነገረው እርሳቸው ስለ ዳኑ ነው። በ15 ዓመቱ ሸፍቶ በ15 ዓመቱ የሞተው ማን ነው? ስሙን የሚጠራ የለም፤ ስለሌለም በጃገማ አንጻር አይቆጠርም።

በዚያው በምዕራብ ወሎ ደጋ በመቅደላ አምባ የሆነው ምሳሌ ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ከዚያ ከቀሩት ሁለቱ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሰው ጫንቃ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍና 7 ዓመት ሊሞላው የደረሰው ልጃቸው አለማየሁ ናቸው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞለታል፤ ሰው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል። ልጁ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ቢለመን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አይሆንም አለ። የጦርነት ወሬ ሲነገር ለመድፉ ሐውልት የሚያቆም፣ ልጁን በኅዳግ የሚያነሣ ልማድ ከየት እንደ መጣ ሊመረመር ይገባል።

ሦስተኛው ወገን «ጥፋቱ የአለቃው ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ከሕግ የራቀ አይደለም። በሄግ ያለው የዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2004 ዓ.ም. ኮንጎዋዊውን ቶማስ ሉባንጋን ሕፃናትን ለጦር በመመልመል ጥፋተኛ ነው ብሎ 14 ዓመት ፈርዶበታል። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ቤት በ2013 ዓ.ም. የዩጋንዳውን ዶሚኒክ ኦንግዌንን 25 ዓመት ሲፈርድበት ሌላ ነገር ገጠመው። ኦንግዌን አለቃ ሆኖ ሕፃናትን የዘረፈ ነው፤ ደግሞም እርሱ ራሱ ሕፃን ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በመንገድ የተዘረፈ ነው። እንግዲህ አለቃው ክፉ ነው ብሎ የሚዘጋው ተመልካች፣ አለቃው በስንት ዓመቱ አለቃ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ተነሥቷል ማለት ነው።

ሲኒማው ለልጆች እንዳይታይ የሚሉም አሉ። ትክክል ናቸው፤ አይታይ። ነገር ግን ልጁ ያላየው ነገር እንዳያገኘው የሚከለክል ማን ነው?

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በቦረናና በሣይንት ገጠር የልጅን ዕድሜ የሚያውቅ ወረቀት የት አለ? መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የልደት ምዝገባ አዝዞ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራው ተጀመረ። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የሚነገረው «በድርቁ ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ» ተብሎ ነው። መዝገብ ባለመኖሩ ዕድሜው በቁመት ይገመታል፤ ድምፁ ከጐረነነና ቁመቱ ከጠመንጃው ከበለጠ ደርሷል ይባላል። ይህም ያ የሲኒማው አለቃ በጣት የለካውን በክንድ መለካት ነው። ልዩነቱ የመለኪያው ብቻ ነው።

ሆኖም ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ ያጠመቀው ካህን አለ፤ የንስሐ አባት አለ። የእስላሙንም ልጅ ስም ያወጡለት ሸኽ ያውቁታል። እናት ቀርባ «አባ፣ ልጄን ያጠመቁት እርስዎ ነዎት፤ ገና 14 ዓመቱ መሆኑን ያውቃሉ» ብትል፣ ካህኑ የሚያሳየው መዝገብ ከሌለው ቃሉ ከታጣቂው ግምት በምን ይበልጣል? የቆሎ ተማሪውም ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ ከጎጃም ዐባይን ተሻግሮ ሲመጣ፣ በመንገድ ቢያዝ ዕድሜውን የሚመሰክርለት ከየኔታ በቀር ማንም የለም።

የቦረና ሰው በጋስጫው በአባ ጊዮርጊስ ይመካል፤ መመካቱም ተገቢ ነው፤ እንደ እርሳቸው ያለ ደራሲ ብዙ አልተነሣምና። ገድላቸው እንደሚለው እኒህ አባት በልጅነታቸው ትምህርት አልገባቸው ብሎ ለ7 ዓመት ያህል ሲቸገሩ ኖሩ። 7 ዓመት የታገሣቸው ትምህርት ቤት ባይኖርና ልጁ በቁመቱ ተመዝኖ ለሌላ ነገር ቢፈለግ ኖሮ፣ አርጋኖንና መጽሐፈ ሰዓታት ዛሬ ከየት ይገኙ ነበር?

ጥር 3 ቀን ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት መታሰቢያ ነው። ሄሮድስ ከሁለት ዓመት በታች ያለውን ሲል ዕድሜውን ከሰብአ ሰገል ጠይቆ፣ ዘመኑን ቈጥሮ ነበር። ለመግደል የተቈጠረውን ዕድሜ ለማዳን መቍጠር እንዴት ይከብዳል? የመካነ ሰላምና የአካባቢው አድባራት የተጠማቂውን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የተጠመቀበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በመዝገብ እየጻፉ ማኅተም ቢያደርጉበት፣ የተማረውም የከተማ ሰው ስለ ሲኒማ የሚከራከርበትን ምሽት ለዚህ ሥራ ጥቂት ቢቀንስለት፣ የኔታም የደቀ መዛሙርታቸውን ዕድሜ ቢያጽፉ ሥራው ያን ያህል አይደለም። መዝገብ መግዣ የለንም የሚል ደብር ቢኖር፣ ባለፈው ዓመት ለድምፅ ማጉያ ያወጣውን ገንዘብ ይቍጠር።