ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሁን፦ ስለ እንሽላሊት ዝርያዎች አለያየትና ስለ አቃቂ ቃሊቲ የመስክ መዝገብ

የእንሽላሊትን ዝርያ በቀለሙና በጀርባው ላይ ባሉት መስመሮችና ነጠብጣቦች መለየት ለመስክ ተመራማሪ ቀላሉ መንገድ ነው። እንስሳው ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፉ ከመጽሐፍ ሥዕል ወይም ከስልክ መተግበሪያ ጋር ተነጻጽሮ ስም ይሰጠዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ቀለም የመለያ መነሻ እንጂ ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም የሚል ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን በከፊል ያውቀዋል። አቋሙ የማይጸና ሰው «እስስት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ መለዋወጥን የእስስት ብቻ ጠባይ አድርገን፣ የቀሩትን እንሽላሊቶች ቀለም እንደ ጸና ምልክት መቁጠራችን ስሕተት ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ የቀለሙ ለውጥ የሚመጣው በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ ነው። በአጋማዎች ዘንድም የበላይነት የያዘ ወንድ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቀለሙ ይደምቃል፤ ሲበርደው፣ ሲደነግጥ ወይም በተቀናቃኙ ሲሸነፍ ይደበዝዛል። ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበ እንስሳም እንዲሁ ይፈዝዛል። ናሙናው በአልኮል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ቀይና ቢጫ ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል።

ሳይንሳዊ ስሞችም ራሳቸው ያስተምሩናል። ከግብፅ እስከ ኢትዮጵያ የሚገኘው ትራኪሌፒስ ኩዊንኩቴኒያታ ስያሜው «ባለ አምስት መስመር» ማለት ነው። ሆኖም አምስቱ መስመሮችና ሰማያዊው ጅራት ጎልተው የሚታዩት በጫጩቶቹና በሴቶቹ ላይ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ወንድ መስመሮቹን በአብዛኛው ያጣቸዋል። መስመር ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው አንዱን ዝርያ ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 የገለጸው አካንቶሰርከስ ሲያኖጋስተርም ስሙ «ሰማያዊ ሆድ» ማለት ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ግን በዚሁ ወገን ውስጥ ያሉ ሌሎች ዝርያዎች ወንዶችም የሚጋሩት ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ከባሌ የተገለጸው ትሪዮሴሮስ ባሌቢኮርኑተስ ስሙን ያገኘው ከሁለት ቀንዶቹ ነው። ቀንድ ከጠዋት እስከ ማታ አይለወጥም።

ላርገንና ስፖልስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የኢትዮጵያ እንሽላሊቶች ዝርዝር የመለያ ቁልፍ አለው። እንዲህ ያለውን ቁልፍ በአግባቡ ለመጠቀም በሰውነት ወገብ ዙሪያ ያሉትን የቅርፊት ረድፎች መቁጠር፣ የጀርባ ቅርፊት ለስላሳ ወይም ሸንተረር ያለው መሆኑን ማየት፣ የጆሮ ቀዳዳንና የጣት ሥር ቅርፊቶችን መመርመር ያስፈልጋል። ከሩቅ የተነሣ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ጉዳዩ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተለየ ክብደት አለው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚወርዱበት ይህ አካባቢ፣ የመረሬ እርሻ፣ የድንጋይ ካብ፣ ፋብሪካና አዲስ የመኖሪያ ሠፈር ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው። ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በካብ ላይ ጠቁሮ የታየ አጋማ በ5 ሰዓት ሌላ እንስሳ ሊመስል ይችላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከግንባታ በፊት ጥናት እንዲካሄድ ሲደነግግ፣ የጥናቱ ዋጋ የሚመዘነው በመዝገቡ ትክክለኛነት ነው። «እንሽላሊት» ብቻ የሚል ወይም በቀለም ግምት የተሰጠ የዝርያ ስም የያዘ ዝርዝር፣ ምን እንደነበረና ምን እንደጠፋ አይነግረንም። ካቡ ፈርሶ ሕንፃ ከቆመበት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ማረም አይቻልም።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጊዜውና ገንዘቡ ውስን ነው፣ ናሙና መሰብሰብም ፈቃድ ይጠይቃል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን እንስሳን መግደል አይደለም። በፈቃድ የተያዘን እንስሳ ከማስመሪያ ጋር ከጀርባ፣ ከጎን፣ ከሆድና ከጭንቅላት በቅርበት ፎቶግራፍ አንሥቶ መልቀቅ ይቻላል። ከዚያው ጋር ሰዓቱ፣ የአየሩ ሙቀት፣ ጾታው፣ የዕድገት ደረጃውና የነበረበት ቦታ ይጻፍ። ቀለሙም ይመዝገብ፤ በእነዚህ ሁኔታዎች የታየ መሆኑ ግን ይገለጽ። የፎቶግራፉ ቅጂ በአራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ተመራማሪ የመጀመሪያውን ሰው ፍርድ ሊፈትን ይችላል።

ማስረጃው እስከ ዝርያ የማያደርስ ሲሆን ደግሞ በወገን ደረጃ መቆም ነውር ሊባል አይገባም። አማካሪዎችና ፈታኞች «ትራኪሌፒስ፣ ዝርያው ያልተለየ» የሚለውን መዝገብ እንደ ጉድለት ማየታቸውን ትተው፣ ያለ ማስረጃ ከተጻፈ ሙሉ ስም የበለጠ ዋጋ ሊሰጡት ይገባል። የጎደለ ስም ወደፊት ሊሟላ ይችላል፤ በስሕተት የተጻፈ ስም ግን ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ዘገባ፣ ከዘገባ ወደ ካርታ እየተሻገረ እንደ እውነት ይኖራል።